ጉንጭ ለጉንጭ

ብርጭቆው አቢጋኤል እጅ ሳይገባ ቀድሜ እይዘዋለሁ። የፕላስቲክ ነው፤ ብርቱካንማ ለስላሳ ተሞልቶበታል። ያመጣው ልጅ አይለቅም። እኔም አልለቅም።

«ማዘር፣ ለእሷ ነው ያመጣሁት» ይለኛል። «ለእርስዎም ላምጣ?»

«አልጠማኝም።»

«ታዲያ ይልቀቁዋ።»

ይስቃል። ጥርሱ ያምራል፣ መዋሸት አልፈልግም። ዳግም እባላለሁ ብሏል፤ ከአዲስ አበባ በመኪና ከመጡት ነው። ይሄ ቢች ፓርቲ የሚሉት ነገር የተደገሰው ለእነሱ ነው፤ ጫሞ ዳር እሳት አንድደው፣ ጄኔሬተር አስነስተው፣ እስኪነጋ አሸዋው ላይ ሊጨፍሩ። ሰዉ ከቁጥር በላይ ነው። እኔ ከዶርዜ የወረድኩት ጋቢ ልሸጥ ነው፤ ከሐይቁ ንፋስ ሲነሳ ትከሻውን የገለጠው ሁሉ ይፈልገኛል ብዬ።

አቢጋኤል የእህቴ ልጅ ናት። እኔም ልሂድ ብላ ስታለቅስ ሰነበተች። እህቴ የፈቀደችው እኔን አምና ነው። መኪና ላይ ልንወጣ ስንል ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «አንድ ነገር ብትሆን ደጄን አትረግጪም» አለችኝ። እህቴ ያለችውን የምትፈጽም ሴት ናት። በዚህ እንመሳሰላለን።

ስንመጣ ለልጅቷ ነግሬያት ነበር። ዓይንሽ እያየ ያልተከፈተ ነገር አትጠጪ። ከተጠፋፋን ትልቁ ሾላ ሥር ነኝ። ዘበኛው ካሱ ካሰረው ገመድ ወዲያ፣ ወደ ውኃው ንቅንቅ እንዳትዪ፤ አዞ ዘፈን ሰምቶ አይሸሽም። እሺ፣ እሺ፣ እሺ አለችኝ። እሺ ሲበዛ አልሰማሁም ማለት ነው።

አሁን ይሄ ልጅ ጀልባ አለን ይላል። በጀልባ ወጥተን የአዞ ዓይን በባትሪ እናያለን፣ ይሄን ጠጪና እንሂድ ይላታል። ለስላሳውን ሲቀዳ ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ ነበር። ምን እንዳደረገ አላየሁም። አላየሁም፤ የቸገረኝ እሱ ነው። ባይማ ኖሮ ጮኼ ሰው እሰበስብ ነበር።

«አክስቴ፣ ስጪኝ እንጂ» ትላለች አቢጋኤል። «ሰው እያየን ነው። እንደ ሕፃን አታድርጊኝ።»

«ጠርሙሱ የት አለ?» እለዋለሁ እሱን።

«ጣልኩት።»

«የት?»

«ማዘር፣ ፖሊስ ነዎት እንዴ?»

አጠገቡ ያሉት ይስቃሉ። አቢጋኤልም ትስቃለች፣ በእኔ ላይ። እጇን እንደዘረጋች ነው። ብደፋው ጠብ ፈላጊዋ እኔ ነኝ፤ እሱ ሌላ ቀድቶ ያመጣል፣ እሷም በእልህ ትጠጣለች፣ ጀልባውም ላይ ትወጣለች። አውቃታለሁ፤ በግትርነት የወጣችው እኔን ነው።

«እሺ» እላለሁ። «ዶርዜን አይተሃል?»

«ነገ እንሄዳለን።»

«እኛ ጋ እንግዳ ብቻውን አይጠጣም። ሰጪና ተቀባይ ጉንጭ ለጉንጭ ገጥመው ካንድ ዋንጫ ነው የሚጠጡት። ሰጪው ካልጠጣ ሰደበን ማለት ነው። ና፣ በእሷ ፈንታ እኔ እጠጣለሁ ካንተ ጋር።»

የከተማ ልጆቹ ይሄን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል። ስልካቸውን ያወጣሉ። ከኋላ የእኛ አገር ጎረምሶች «ዮ፣ ዮ፣ ዮ» ማለት ይጀምራሉ፤ እኛ ስንጠጣ እንደዚያ ነው የምንለው።

ዳግም ወደ ኋላ ሸርተት ይላል። «እኔ ቢራ ላይ ነኝ፣ ይደባለቅብኛል።»

«አንድ ጉንጭ ነው።»

«ለስላሳም አልወድም።»

«ጠጣላቸው እንጂ፣ አታሳፍረን» ይለዋል የገዛ ጓደኛው፣ ከጀርባው እየገፋ።

ይመጣል። አንገቱን እይዝና ጉንጬን ጉንጩ ላይ እለጥፋለሁ። ሽቶ ሽቶ ይላል። አልቦታል። ብርጭቆውን በሁለታችንም አፍ ላይ አዘነብላለሁ፤ እኔ ከንፈሬን ጥርቅም አድርጌ ዘግቻለሁ። ለስላሳው በአገጬ ወርዶ ደረቴ ውስጥ ይገባል። ይግባ።

እሱ አፉን ከፍቷል። ሲሞላ ይሰማኛል፣ ጉንጩ እንደ ፊኛ እየተነፋ ጉንጬን ይገፋዋል። መዋጡን እጠብቃለሁ። እንዲህ ጠጥቶ የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል፤ የጎንህ ሰው ሲውጥ በጉንጭህ ይሰማሃል። በሠርግ ጠጥቻለሁ፣ በእርቅ ጠጥቻለሁ። እርቅ ላይ ተቀብሎ የማይውጥ ሰው ገጥሞኝ ያውቃል፣ ቂሙን ይዞ ነው የሄደው።

ይሄም አይውጥም።

ብርጭቆውን ከአፋችን አወርዳለሁ። ይጮሃሉ፣ ያጨበጭባሉ። እሱ ጉንጩን ሞልቶ ይቆማል። ሰው ሁሉ ከብቦታል፣ ስልኩ ሁሉ ፊቱ ላይ ነው፤ የት ይትፋው።

አቢጋኤል ሳቋን ትታለች። እሷም የዶርዜ ልጅ ናት። የእኔን አገጭ አታይም፣ የእሱን ጉሮሮ ነው የምታየው። ትጠጋዋለች።

«ዋጠው እንጂ» ትለዋለች፣ ቀስ ብላ።

ራሱን ይነቀንቃል። እሺ ይሁን እንቢ አይለይም።

«ዳግም፣ ዋጠዋ።»

ዞር ይልና በሰዉ መሀል መንገድ ይጀምራል። የሚጨፍሩት ትከሻውን መታ መታ ያደርጉታል። አንዷ በስሙ ጠርታ የሆነ ነገር ትጠይቀዋለች፤ እጁን ብቻ ያነሳላታል። ከእሳቱ ብርሃን እስኪወጣ ድረስ በዓይኔ እከተለዋለሁ። ጉንጩ እንደተነፋ ነው፤ ለማንም አፉን አልከፈተም።