የኢክላስ አሣዎች

ጎረቤቴ ዘሊካ ልጇን ኢክላስን ለማሳከም ከወረታ ባሕር ዳር ስትሄድ፣ የልጅቱን አራት ቀያይ አሣዎች ከነመስታወት ገንዳቸው አደራ ሰጠችኝ።

"ጋሽ አለምነህ፣ ገንዳው አዲስ ነው። ኩሳቸው አሞኒያ የሚሉት መርዝ ይሆናል፤ በዓይን አይታይም። መርዙን የሚበላው ረቂቅ ተህዋስ እስኪራባ ድረስ በየጠዋቱ የውሃውን ሲሶ ይቀይሩልኝ። ምግባቸውም ቆንጠር ብቻ!"

ሁለት ቀን ቀየርሁ። በሦስተኛው ቀን ፍልሰታ ገባ፤ ከቅዳሴ ስመለስ ደከመኝ። ውሃው ጥርት ብሎ ሳየው ጠበል ጠብ አደረግሁበትና "እሱ ይጠብቃችሁ" ብዬ ጋደም አልሁ። እንዲህ እያልሁ አራት ቀን ስንፍናዬን በእምነት ሸፈንሁ። የፎገራ ሜዳ ውሃ በውሃ ሆኖ ሳለ፣ እኔ አንድ ባልዲ ለመቅዳት ሰነፍሁ።

ፍልሰታ በገባ በአምስተኛው ጠዋት አራቱም ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፍፈው አገኘኋቸው። ጓሮ ቀበርኋቸው።

ቀትር ላይ ዘሊካ ደወለች። "ኢክላስ አሣዎቼን ካላየሁ መርፌ አልወጋም ብላለች። እስቲ በቪዲዮ ያሳዩን።"

እውነቱን በአፌ ከምናገር ምስሉ ይናገርልኝ ብዬ፣ በሐፍረት አንገቴን ደፍቼ ስልኩን ወደ ባዶው ገንዳ አዞርሁ።

ኢክላስ ሳቀች። "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት!"

"አልሐምዱሊላህ! እርስዎኮ አደራ አይበሉም" አለች እናቷ።

ቀና ብዬ ገንዳውን አየሁት። ውሃ ብቻ ነው።

"እማ" አለች ልጅቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ለምንድን ነው የማይዋኙት? አራቱም ቆመው ጋሽ አለምነህን ነው የሚያዩት።"