ዘጠና አራት ገጽ ዝምታ

«እስከ አሥራ አንደኛው ገጽ ጠበቅኩ» አላት ፕሮዲውሰሩ፣ የፊልም ድርሰቱን በአውራ ጣቱ እየገለበጠ። «አሁን ይናገራሉ፣ አሁን ይናገራሉ እያልኩ። ሲታክተኝ ወደ መጨረሻው ገጽ ዘለልኩ። እዚያም ዝም ብለዋል።»

«እስከ መጨረሻው አይናገሩም።»

«አንድም ቃል?»

«በእጃቸው ካልሆነ፣ አንድም።»

ሳቀ። የክፋት ሳቅ አልነበረም። ደጃቸውን ካንኳኳችባቸው ሰባት ፕሮዲውሰሮች ውስጥ «ቁጭ በይ» ያላት እሱ ብቻ ነው። የቀሩት ከዚህ በፊት ምን እንደሠራች ጠየቁ፤ «ምንም» ስትላቸው «እንደውልልሻለን» አሉ። ይኸው ዓመት ከመንፈቅ ሆነ፣ የደወለ የለም።

«ሥራሽ ምንድን ነው ያልሽኝ?»

«ጥሪ ማዕከል ነኝ። የደንበኛ ቅሬታ እቀበላለሁ።»

«ታዲያ ቀኑን ሙሉ ስትለፈልፊ ውለሽ ዝምታ ቢያምርሽ ምን ይገርማል!»

ለይሉኝታ ያህል ፈገግ አለች። እሱ ግን ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳብ አድርጎ ኮስተር አለ።

«ስሚ እህቴ፣ አልዋሽሽም። ይሄ ነገር ነፍስ አለው። መስማት የተሳናት እናት ልጆቿ ምን እንዳሳቃቸው ሳታውቅ አብራቸው የምትስቅበት ቦታ ላይ ስደርስ፣ ማንበቤን ትቼ በመስኮት ሳይ ነው የቆየሁት። ግን አንቺን ማን ያውቅሻል? ስም ያለው ሰው ይዞት ቢመጣ ‹አቤት ጥበብ!› ይሉታል። አንቺ ስትይዢው ‹ንግግር መጻፍ አቅቷት ነው› ይላሉ።»

«ምን ይሻላል ታዲያ?»

«ልጅቷ ከምስሉ ጀርባ በድምጿ ትተርክልን። እናትየዋም መጨረሻ ላይ ጆሮዋ ይከፈትላት፤ ሰው አልቅሶ ይውጣ። ይቺን ካደረግሽልኝ ዛሬውኑ እንፈራረማለን።»

ዛሬውኑ። እናቷ ጆሮዋን ያጣችው ገና በአራት ዓመቷ ነበር። አሁን ደግሞ ዓይኗ ከዳር ወደ መሐል እየጨለመ መጥቶ፣ ዓለምን የምታያት በቧንቧ ቀዳዳ እንደሚያጮልቅ ሰው ሆኗል። ሐኪሙ «ቢበዛ ዓመት» ብሏል። ብቻዋን ቤት ትታት መምጣት ስላልቻለች፣ እናቷ ይኸው ከበሩ ውጭ፣ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ይዛ ተቀምጣለች።

«ከተተረከ እናቴ አይገባትም» አለች ቀስ ብላ።

«እናትሽ ደግሞ ምን አገባት?»

«የጻፍኩት ለእሷ ነው። ማንንም ‹ምን አለ?› ብላ ሳትጠይቅ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የምታየው አንድ ፊልም እንዲኖራት። ዓይኗ ሳይጠፋ።»

ፕሮዲውሰሩ ድርሰቱን ዘጋና መዳፉን ጫነበት።

«እናትሽ አንድ ትኬት ነው የምትቆርጠው፣ እህቴ።»

ሊያቆስላት ብሎ አልነበረም። እውነቱን ነው፤ ያመማትም ለዚሁ ነው።

«እሺ» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር። ሳትወድ እናቷ በዓይኗ መጣችባት፤ ሲኒማ ቤት፣ ጨለማው ውስጥ ተቀምጣ፣ ሰው ሁሉ ሲያለቅስ ወደ ጎረቤቷ ዞራ በእጇ «ምን አለች?» ስትል። እጇን የሚያይላት ሳይኖር።

«አልችልም» አለች።

«አስቢበት እንጂ።»

«አስቤበታለሁ፣ ጋሼ። ስላነበቡልኝ ግን እግዜር ይስጥልኝ።»

ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ ድርሰቱን በሁለት እጁ መለሰላት።

ኮሪደሩ ላይ እናቷ ፊት ለፊት ሄዳ ቆመች፤ ትንሽ ወደ ጎን ካለች አትታያትም። የእናትየው እጆች ከጭኗ ላይ ተነሡ።

«አልወሰደውም?»

«አልወሰደውም።»

«ሞኝ ነው?»

«ሞኝስ አይደለም።»

እናትየው የድርሰቱን ጀርባ በጣቷ መታ መታ አደረገች። ማንበብ ያስተማራት ሰው አልነበረም። «ለመሆኑ ምን ብለሽ ነው የጻፍሽብኝ?»

ልጇ ፊልሙ ሲሠራ ልታስደንቃት ሸሽጋት ኖራለች። አሁን ምን ይሸሸጋል? ወረቀቱን ወለሉ ላይ አስቀምጣ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የጻፈችውን ትዕይንት በእጇ ትነግራት ጀመር። አባትየው ጥሏቸው የሄደ ቀን ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ጓዳ ገብታ፣ በሩን ዘግታ፣ ጉሮሮዋ እስኪነቃ ትጮኻለች። እናትየው ከበሩ ወዲህ ጀርባዋን ሰጥታ ልብስ ታጥባለች። ልጅቷ በበሩ ስንጥቅ ታያታለች፤ እናትየው አትዞርም። ካሜራው ጀርባዋ ላይ ይቆያል። ልጅቷም የፈለገችውን ያህል ብትጮኽ ማንም እንደማይመጣላት የዚያን ቀን ታውቃለች።

እናትየው የልጇን እጅ አየር ላይ ያዘችው። በእነሱ ቤት ይህ አፍን በመዳፍ እንደመክደን ነው። ከዚያ ለቀቀቻት።

«ተሳስተሻል። አውቅ ነበር።»

«እንዴት አድርገሽ?»

እናትየው ጎንበስ ብላ የቀኝ ጫማዋን አወለቀች፤ ባዶ እግሯን ወለሉ ላይ አሳረፈች።

«የዚያ ቤት ወለል ሳንቃ ነበር። ጓዳ ውስጥ እግርሽን ስታንፈራግጪ ሁሉም እኔ ጋ ይደርሳል። እስኪወጣልሽ ቆሜ ጠበቅኩሽ። ያልዞርኩት ፊቴን እንዳታዪው ብዬ ነው።»

ልጇ ጎንበስ ብላ የወለቀውን ጫማ አነሣችላት።

ከታች፣ መንገዱ ላይ፣ ከባድ መኪና አለፈ፤ ወለሉ ነዘረ። እናትየው እግሯን ከወለሉ ሳታነሣ፣ ዓይኗን ጨፍና ራሷን ነቀነቀች።