የክርስትና ጉትቻ

ውድነሽ የአራት ዓመት ልጇ ማሕቶት የምትለውን ሁሉ ኩሽናው በር ላይ በእርሳስ ትጽፍ ነበር። «ጨረቃ ቀን የምትወጣው ጨለማ ፈርታ ነው?» ያለች ዕለትማ ስቃ ስቃ እንባዋ መጣ።

ዛሬ ታክሲ ውስጥ አንዲት የማታውቃት ሕፃን ይህንኑ ቃል በቃል ጠየቀች። ጆሮዋ ላይ የማሕቶት ዓይነት ጉትቻ አለ።

ውድነሽ የማሕቶትን ጉትቻ ለክርስትናዋ ለሰጠቻት ለአበልጇ ለስንዱ ደወለች።

«ጉትቻው ውስጥ ያለው ማሽን የምትለውን ሹክ ይላታላ! የዛሬ ልጅ ያለሱ ምን ያወራል? ደስ ይበልሽ ብዬ እኮ ነው» አለች ስንዱ።

«ታዲያ እኔ በማን ወሬ ነው ስስቅ የኖርኩት?»

ቤት ገብታ ጉትቻውን አወለቀችላት። ማሕቶት ጆሮዋን ዳበሰች።

«እማዬ፣ ጆሮዬን በረደኝ።»

ውድነሽ ይህን ሳትጽፍ፣ እርሳሷን እንደያዘች፣ ቀልዱ እስኪመጣ ጠበቀች።