ዐሥራ አንደኛው ፉርጎ

የጥርስ ሐኪሙ በአነስተኛ የእንፋሎት ባቡሮች ውድድር ሁለት ዓመት በተከታታይ የተሸነፈው በሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ነገሩ እንቅልፍ ባልነሳው ነበር። ያሸነፈው ግን የሚስቱ ወንድም ነው፤ ያውም ልብስ ሰፊ።

"ዘንድሮ ከተሸነፍኩ" አለ በማኅበሩ ስብሰባ ላይ፣ ሁሉም እየሰማው፣ "የጓሮውን ክፍል ለባለቤቴ አስረክቤ ባቡር የሚባል ነገር እርግፍ አድርጌ እተዋለሁ።"

የጓሮው ክፍል ሕይወቱ ነው። ብረት መቅረጫው ቶርኖ እዚያ ነው፤ ሞረዱም ናሱም እዚያ ነው። ከክሊኒክ ሲመለስ ልብሱን እንኳ በወጉ ሳይቀይር እዚያ ይገባል። ሚስቱ ክፍሉን መጠየቅ ከጀመረች ቆይታለች። "ምን ልትሠሪበት?" ሲላት "ሥራ አላጣም" ትለዋለች። አንድ ጊዜማ "ልርዳህ" ብትለው "ይሄ ረቂቅ ሥራ ነው፣ የኔ እመቤት" ብሎ በሩን ገርበብ አድርጎባታል።

ዘንድሮ ጥርጣሬ ገባው። ሚስቱ በየቅዳሜው ከባድ ዘንቢል አንጠልጥላ ወንድሟ ቤት ትሄዳለች። ጣቷ ላይ ቃጠሎ አይቶ ቢጠይቃት "ምድጃ ነው" አለችው። ሞረዶቹ ቶሎ ቶሎ ይዶለዱማሉ፤ ናሱም ሳያስበው ያልቃል። ወንድምየው ደግሞ ስለ ባቡሩ የውሃ ማፍያ፣ ስለ ቦይለሩ፣ ሲጠየቅ ወሬውን ወደ ኳስ ያዞረዋል።

ለሐኪሙ ነገሩ ፀሐይ የሞቀው ሆነለት። ሚስቱ ምስጢሩን ለወንድሟ ታቀብላለች፤ ናሱንም ጭምር። ያንገበገበው ናሱ አልነበረም። በገዛ ቤቱ ወገን ማጣቱ ነው።

ወጥመድ አዘጋጀ።

"ዘንድሮ የእንፋሎቱን መግቢያ ቀዳዳ እጥፍ አድርጌ አሰፋሁት" አለ ምሳ ላይ፣ እንደ ዋዛ። "ጉልበቱ ያለው እዚያ ነው።"

ውሸቱን ነው። ቀዳዳውን እንዲያ ያሰፋ ሰው እንፋሎቱ ሾልኮ ያልቅበትና ባቡሩ ከቆመበት አይነቃነቅም።

"ጎበዝ" አለችው ሚስቱ፤ ሾርባም ጨመረችለት።

የውድድሩ ዕለት ዳኛው፣ ጡረታ የወጣ የባቡር ነጂ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አቆማቸው። የሐኪሙ ባቡር ጥቁርና ትልቅ ናት፤ እንደ መስተዋት ፊት ታሳያለች። የልብስ ሰፊው አጭር ናት፤ ቀለም እንኳ በቅጡ አልተቀባችም። ዳኛው ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ።

"ይቺ ትተነፍሳለች" አለ ወደ አጭሯ እያመለከተ። "ያቺኛዋን ግን ያስላታል።"

ብዙ የጎተተችው እንድታሸንፍ ፉርጎ በፉርጎ ላይ ተቀጠለ። ዐሥረኛውን ሁለቱም ጎተቱት። በዐሥራ አንደኛው የሐኪሙ ባቡር ኩርባው ላይ ደርሳ መንኮራኩሯ በባዶ ተሽከረከረ። አጭሯ ምንም እንዳልተጨመረባት ዞራ ተመለሰች።

"ያቺ ባቡር ትከፈትልኝ!" አለ ሐኪሙ፤ ወጥመዱ እንዴት እንደከሸፈ ማየት ፈለገ።

ልብስ ሰፊው ብሎኑን ለመፍታት ታገለ፤ ይልቁንም አጠበቀው። ድል አንቀጥቅጦታል ተብሎ ተሳቀበት፤ ዳኛውም መፍቻውን ተቀብሎ ከፈተለት። ቀዳዳው ልክ መሆን የሚገባውን ያህል ነበር። አንዲት ፀጉር ታህል አልሰፋም።

ሐኪሙ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ። ሽንፈቱ አንድ ነገር ነው፤ ንጹሕ ሰው መጠርጠሩ ግን ባሰበት።

"ይቅር በይኝ" አላት መንገድ ላይ። "ምስጢሬን ለወንድምሽ የምታወጪ መስሎኝ ነበር።"

ሚስቱ ከልቧ ሳቀች። "እሱ ደግሞ ምን ሊያደርግበት?"

ቤት እንደደረሱ ቃሉን ሊጠብቅ ወደ ጓሮው ገባ። ሞረዶቹን በጨርቅ ጠቀለለ። ተንበርክኮ የቶርኖውን እግር ብሎን መፍታት ሲጀምር ሚስቱ እጅጌዋን እየሰበሰበች በሩ ላይ ቆመች።

"ኧረ ቶርኖውን ተወው" አለችው። "የሚቀጥለውን ባቡር በምን ልሠራው ነው?"