ቀለም በጥብጦ የሚሥል ሞኝ

በቴሌግራም በየሳምንቱ የሚለጠፈው የጠፈር ሥዕላዊ ታሪክ ወዳጆች ጁስ ቤቱ ውስጥ ተሰብስበው ይነታረካሉ። ሠዓሊው ስሙን ደብቋል። ለመሆኑ ሰው ነው?

«ማሽን ነው!» አለ ጌድዮን፣ እጆቹን ከጃኬቱ ኪስ ሳያወጣ። «በዚህ ዘመን ቀለም በጥብጦ የሚሥል ሞኝ ከየት ይገኛል?»

ከአንባቢዎቹ መካከል ፊት ለፊቱ የተቀመጠችው ወጣት ደሟ ፈላ። ከወንበሯ ተነሳች፤ መልሳ ተቀመጠች። «ባለፈው ክፍል አረንጓዴዋ ሮቦት እጇን ግራሶ ስለነካው ካፒቴኑን የጨበጠችው በአንጓዋ ነው። ይሄን ይሉኝታ ማሽን ከየት ያመጣዋል?»

«ከእኛው ሰርቆ ነዋ!»

ሁሉም ስቀው ወደ እሱ አጋደሉ። ክረምቱን ሙሉ በታሪኩ ስታለቅስ የከረመችው ለማሽን ኖሯል? መቀመጥ አላስችል አላትና ቦርሳዋን አነሳች። ያኮረፈች እንዳይመስልባት ግን እየዞረች ሁሉንም ተሰናበተች፤ በመጨረሻም እጇን ለጌድዮን ዘረጋችለት።

እሱም ሳያስበው አንድ እጁን ከኪሱ አውጥቶ፣ መዳፉን ወደ ታች አጥፎ አንጓውን ሰጣት። «ይቅርታ፣ እጄ...» ብሎ እጁን ወደ ኪሱ ሊመልስ ሞከረ።

አንጓውን እንደያዘች ቁልቁል አየች። ጣቶቹ እስከ ጥፍራቸው ሥር አረንጓዴ ቀለም ተለቅልቀው ነበር።