የቅርብ ኮከቦች

ተማሪዋ ስለ አንድ ጀርመናዊ የሥነ ፈለክ ሊቅ የሠራችውን ጥናት እያቀረበች ነበር። ሰውዬው ከጦርነትና ከምርኮ ተመልሶ የፀሐይን ጎረቤት ኮከቦች አንድ በአንድ መመዝገቡን ስትናገር፣ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ያለው የኮሌጇ ክፍል በር ተከፈተ። የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌዎች፣ ጋሽ ሲራክን አስቀድመው፣ አራት ሆነው ገቡና የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሽማግሌ በሥራ ቀን ጠዋት ተሰብስቦ የሚመጣው ለመርዶ ነው። አባቷ አዲስ አበባ ሆስፒታል ከተኛ ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር።

ንግግሯን ሳትጨርስ እንደማይነግሯት ታውቃለች፤ ስለዚህ አልጨረሰችም። የመጨረሻ ያለችውን ኮከብ ከጠራች በኋላ ሌላ ጨመረች፣ ከዚያም ሌላ፣ ርቀቱን፣ ድምቀቱን፣ ቀለሙን ሁሉ። መምህሯ ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን አሳዩዋት። በመጨረሻ የምታውቀው ኮከብ አለቀ።

ጋሽ ሲራክ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተነሡ። ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ያዘች።

«ልጄ» አሉ፣ «አባትሽ ዛሬ ከሆስፒታል ወጣና ገና ቤቱ ሳይገባ ደወለልኝ። ‹እኔ አልደረስኩላትም፤ ሄዳችሁ አጨብጭቡላት› ብሎ ነው የላከን። አሁን ነው የሚጨበጨበው ወይስ ገና ኮከብ አለ?»