በፈላ ውሃ

ገና ገላው ያልታጠበ ጨቅላ እንዴት ይቃጠላል? ባሕር ማዶ ተምሮ የተመለሰው ሐኪም ጎንበስ ብሎ አየው። ልጁ ከተወለደ አንድ ሰዓት አልሞላውም፤ አዋላጇ የያዘችው ተረከዙ ግን ውሃ ቋጥሮ ተልጧል።

«አይንኩት ዶክተር፤ ሲነኩት ነው የሚላጠው» አለች እናቱ።

«በምን አወቅሽ?»

«ዓምና የሞተችብኝ ልጄም እንዲሁ ነበረች። በለብታ ነው ያጠብኳት ብዬ ምዬ ነግሬዎት ነበር። እርስዎ በፈላ ውሃ አቃጥላ ገደለቻት ብለው ጻፉብኝ።»

ቀና ብሎ አያት። አንድ እጇ ከአልጋው ብረት ጋር በካቴና ታስሯል።

እዚያው ቆሞ ለዐቃቤ ሕጉ ጻፈ፦ «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። በዘር የሚወረስ የቆዳ በሽታ ነው። የሺመቤት ልጇን አላቃጠለችም።»

መልእክቱ ደርሷል፤ መልስ ግን እስከ ዛሬ አልመጣም።